«ይሰረዝልኝ» ወይስ «ይፍረስልኝ»?

ጥያቄ፦ ወንድሜን አስፈራርተው ውል አስፈረሙት። አቤቱታውን ስናረቅቅ እኔ «ውሉ ይሰረዝልኝ» ብዬ ጻፍኩ። እሱ ደግሞ «ይፍረስልኝ» ካልሆነ ብሎ ድርቅ አለ። ሁለቱ አንድ አይደሉም እንዴ?

መልስ፦ አይደሉም። ወንድምዎ ልክ ናቸው።

የምንሰርዘው በደህና የተጻፈን ነገር ነው። ሁለት ሰዎች ወደውና ፈቅደው ይዋዋላሉ፤ በኋላ አንዱ ግዴታውን ሳይፈጽም ይቀራል። ያኔ ሌላው «ውሉ ይሰረዝልኝ» ይላል። መፍረስ ግን የግንብ ቃል ነው። እዚህ ችግሩ ያለው ከመሠረቱ ነው፤ የውል መሠረት ደግሞ ፈቃድ ነው። የ1952ቱ የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግም ይህን ለይቶ ያስቀምጣል። ፈቃዱ በስህተት፣ በተንኮል ወይም በመገደድ የተበላሸ ውል ሊፈርስ ይችላል።

እኔ በጣም የምወደው ግን መጨረሻ ላይ ያለችውን «ልኝ» ነው። «ውሉ ይፍረስ» እና «ውሉ ይፍረስልኝ» ለጆሮ ይቀራረባሉ። «ልኝ» ስትጨመር ግን ጠያቂው ማን እንደሆነ፣ የሚፈርሰውም ለማን ጥቅም እንደሆነ ይታወቃል። ሕጉም እንዲሁ ነው። በአንቀጽ 1808 መሠረት በፈቃድ ጉድለት ምክንያት ውል እንዲፈርስ መጠየቅ የሚችለው ፈቃዱ የተበላሸበት ወገን ብቻ ነው። ያስፈራራው ሰው ዞሮ «ይፍረስልኝ» ማለት አይችልም። ወንድምዎ ዝም ካሉ ደግሞ ውሉ እንደጸና ይቀጥላል። ስለዚህ «ፈርሷል» ብለው አይጻፉ፤ ገና አልፈረሰም።

«ተገደደ» የምትለዋም ጥንቃቄ ትፈልጋለች። በየዕለቱ «ገንዘብ አጥሮኝ ለመሸጥ ተገደድኩ» እንላለን። አማርኛው ምንም አይወጣለትም። ለሕጉ ግን ይህ መገደድ አይደለም፤ ችግር ነው። ሕጉ የሚፈልገው በሕይወት፣ በአካል፣ በክብር ወይም በንብረት ላይ ከባድና የቀረበ አደጋ ይደርሳል ተብሎ መፈራቱን ነው። አደጋው በራሳቸው በወንድምዎ ላይ ባይሆን እንኳ በሚስታቸው፣ በልጃቸው ወይም በወላጃቸው ላይ ከሆነ ይበቃል። እናም «ተገድጄ ፈረምኩ» ብላችሁ አትለፉት። ማን፣ መቼ፣ ምን ብሎ እንዳስፈራራቸው በዚያው በተነገረበት ቃል አስፍሩት።

አቤቱታውንም አታዘግዩ፤ ጊዜው 2 ዓመት ነው። የሚቆጠረው ግን ከፈረሙበት ቀን ሳይሆን ማስፈራራቱ ካቆመበት ቀን ጀምሮ ነው።