«ሶላር ያዋጣል?» ለምትሉኝ ልጆች

ቴክኒክና ሙያ ጨርሰው ሥራ የሚፈልጉ ልጆች ሲያገኙኝ ጥያቄያቸው አንድ ነው። «ጋሼ፣ ሶላር ያዋጣል?» ያዋጣል። ግን ብዙዎቻችሁ እንደምታስቡት ጣሪያ ላይ ወጥቶ ፓኔል በማሰር ብቻ አይደለም። እሱን ማንም በጥቂት ቀን ይለምደዋል። የዚህ ሙያ እንጀራ ያለው የተተከለው ነገር ሥራ ሲያቆም ስልኩ የሚደወልለት ሰው ጋ ነው።

መጀመሪያ ስለ ህዳሴ ግድብ ላንሳ። ግድቡ በጳጉሜን 2017 ከተመረቀ ወዲህ «5,150 ሜጋ ዋት እያለ ሶላር ለማን ሊሆን ነው?» የሚለኝ በዝቷል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ኤሌክትሪክ ማመንጨትና ቤት ድረስ ማድረስ ግን ለየቅል ናቸው። ተራርቀው ለሚኖሩ ጥቂት አባወራዎች ምሰሶ መትከል፣ ሽቦ መዘርጋት፣ ትራንስፎርመር ማስቀመጥ ብዙ ብር ይበላል። መንግሥትም ያውቀዋል። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም 65 በመቶው ሕዝብ ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ደግሞ ከመስመር ውጭ በሆኑ እንደ ሶላር ባሉ አማራጮች መብራት እንዲያገኝ ነበር ያቀደው። ዕቅዱ በተባለው ጊዜ አልደረሰም። ለእናንተ ገና ብዙ ሥራ አለ ማለት ነው። ከተማም ቢሆን መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተር የሚያስነሣ ክሊኒክና ሆቴል ሞልቷል። የነዳጁን ዋጋ ታውቁታላችሁ።

ትልቅ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ተገንብቶ እቀጠራለሁ ብላችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ፣ አትጠብቁ። እንዲህ ያለ ጣቢያ ሲገነባ ብዙ ሰው ይይዛል። ግንባታው ሲያልቅ ጥበቃ፣ ጥቂት ቴክኒሻንና ፓኔል የሚያጥብ ሰው ይበቃዋል። ሥራው የሞላው ትንንሹ ጋ ነው፦ ጤና ኬላ፣ ትምህርት ቤት፣ የመስኖ ፓምፕ፣ የቴሌ ታወር፣ ሱቅ፣ መኖሪያ ቤት።

ገጠር ስትወጡ ልብ ብላችሁ እዩ። በዕርዳታ የተተከለ፣ ሪባን የተቆረጠለት ሶላር ጥቂት ዓመት ሠርቶ ጸጥ ብሎ ታገኙታላችሁ። ፓኔሉ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው፤ ጥሩ ፓኔል 25 ዓመት ይሠራል። የሞተው ባትሪው ነው። ባትሪ መቀየሪያ በጀት የያዘለት የለም። መሞቱንም ለክቶ የሚናገር የለም። ሪባን ሊቆርጥ የመጣው ሰው ብዛት ግን አይጣል ነበር። ሰሜን ሸዋ ያለችው የሬማ መንደር ታሪክ ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው። እዚያ ሶላር ሲገባ ቴክኒሻን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤትም አብሮ ተከፈተ። ብልሽት ሲመጣ ከአዲስ አበባ መኪና እስኪላክ አይጠበቅም ነበር።

«ፓኔሉ ደካማ ነው» ማለት የዚህ ሙያ ትልቁ ስንፍና ነው። አንድ ሱቅ ልንገራችሁ። በ12 ቮልት የምትሠራ ትንሽ ፍሪጅ አለችው። ትነሣለች፣ ወዲያው ትጠፋለች፤ ደግሞ ትነሣለች፣ ትጠፋለች። ባለሱቁ ተማርሯል። የመጣው ሁሉ «ፓኔል ጨምር» ይለዋል። አብራኝ ትሠራ የነበረች ልጅ መልቲሜትሯን (ቮልትና አምፔር መለኪያዋን) አወጣችና ፍሪጇ እየሠራች ባትሪው ላይ ለካች፤ 12.3 ቮልት። ፍሪጇ ጋ ሄዳ የሽቦው ጫፍ ላይ ለካች፤ 10.4። ጥፋቱ የኬብሉ ነው። ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ቀጭን ኬብል ነው የተዘረጋው፣ ርቀቱ 10 ሜትር ይሆናል፣ ፍሪጇ ደግሞ 8 አምፔር ትስባለች። አስሉት፤ 2 ቮልት የሚጠጋው መንገድ ላይ ይቀራል። ቮልቴጁ ሲወርድባት ራሷን ታጠፋለች። ስትጠፋ ቮልቴጁ ይመለሳል፣ እንደገና ትነሣለች። ኬብሉ በወፍራም ተቀየረ፣ አለቀ። አንድም ፓኔል አልተገዛም። ባለሱቁ ከዚያ ወዲህ ዘመድ ጎረቤቱን ሁሉ ወደ እሷ ነው የሚልከው።

ስለዚህ ሶላርን ከመማራችሁ በፊት ኤሌክትሪክን ተማሩ። ቮልት፣ አምፔር፣ ዋት ስትሉ በጭንቅላታችሁ የምታዩት ነገር ይኑር። የሦስት ቀን «የሶላር ሥልጠና» ወስዶ ሰርተፊኬት ግድግዳ ላይ የሰቀለ ብዙ አይቻለሁ።

ቀጥሎ ሒሳብ ነው። አትደንግጡ፣ ማባዛትና ማካፈል ነው። አንድ የገጠር ቤት አራት ባለ 5 ዋት አምፖል ለ5 ሰዓት ያበራል፤ ዋቱ በሰዓቱ ሲባዛ 100 ዋት ሰዓት። 30 ዋት የሚበላ ቴሌቪዥን ለ4 ሰዓት ያያል፤ 120። ለስልክ ቻርጅ 20 ጨምሩ። 240 ሆነ። ባትሪና ሽቦ ላይ የሚባክነው ሲታከልበት 320 ገደማ ያዙ። በአብዛኛው የአገራችን ክፍል በቀን በአማካይ የ5 ሰዓት ያህል ሙሉ ፀሐይ ይገኛል። 320ን በአማካዩ ካካፈላችሁ 65 ዋት ፓኔል ይበቃል ትላላችሁ። ሐምሌ ላይ ደመናው ሲከብድ ደንበኛው ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ይደውልላችኋል። ለክረምት 3 ሰዓት ተኩል ብላችሁ አስሉና 100 ዋት ትከሉለት።

ይህን ሁሉ አስረድታችሁ ስትጨርሱ የቤቱ እመቤት «ምጣድስ ይችላል?» ትላለች። ይህ ጥያቄ አይቀርላችሁም። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። ሙሉ ኃይሉን ለአንድ ሰዓት ቢስብ ያ ቤት በሁለት ሳምንት የሚጠቀመውን ጨረሰው ማለት ነው። «አይችልም፣ እናቴ» በሉ። ሽያጭ እንዳያመልጠው «ይችላል» ብሎ ብሩን ተቀብሎ የሚሄድ ሞልቷል። ያ ሰው በዚያ ቀበሌ ሁለተኛ ሥራ አያገኝም። ክፋቱ እናንተም ስትመጡ በእሱ ዓይን ትታያላችሁ።

ገበያውም ተንኮል አለበት። አሁን ያሉት ጥሩ ፓኔሎች ከአንድ ካሬ ሜትር 200 ዋት ገደማ ይሰጣሉ። ግማሽ ካሬ የማትሞላ ፓኔል ላይ «200 ዋት» ተለጥፎ ካያችሁ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም፣ ሜትር ብቻ አውጡ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ተወድዷል፤ ርካሽ ፈላጊ ሲበዛ የውሸት ዕቃም አብሮ ይበዛል።

ስለ አደጋ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። ፀሐይ ማጥፊያ የላትም። ብርሃን እስካለ ድረስ ፓኔሉ ላይ ቮልቴጅ አለ። በርካታ ፓኔል በተከታታይ ሲያያዝ ቮልቴጁ ሰው ይገድላል። ከፓኔልና ከባትሪ የሚወጣው የዲሲ ኤሌክትሪክ ብልጭታ ደግሞ እንደ ቤት መስመሩ ኤሲ ቶሎ አይጠፋም፣ ይነድዳል። ጭነት ላይ እያለ ኮኔክተር (የኬብል መጋጠሚያ) አትንቀሉ። የኤሲ ብሬከር ረከሰ ብላችሁ ለዲሲ አታስገቡ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ያለ ገመድ አትውጡ፣ በተለይ ዝናብ ካባራ በኋላ። አለቃችሁ «ቶሎ በሉ፣ ገመድ ምን ያደርጋል» ካላችሁ አለቃ ቀይሩ።

የፈቃድ ወረቀቱ ጉዳይ በአጭሩ የሚነገር ነው። ሲኦሲውን፣ ማለትም የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ ተፈተኑ። የኤሌክትሪክ ሥራ ባለሙያ የብቃት ማረጋገጫ ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን አውጡ። ጨረታ ስትገቡ ትፈልጉታላችሁ። ዲግሪ ያላችሁ ደግሞ ዲዛይን ብቻ ነው የምሠራው ብላችሁ ቢሮ አትደበቁ። ኬብል አስሮ የማያውቅ መሐንዲስ የሚሥለው ሥዕል ጣሪያው ላይ ያስታውቃል።

እጃችሁ ለመሣሪያ የማይመቸውም ቦታ አላችሁ። ገበሬው የፓምፕ ዋጋ በአንዴ መክፈል አይችልም፤ አዝመራ ሲደርስ ግን ይከፍላል። ይህን አውቆ ብድር የሚያመቻች፣ በቴሌብር የሚሰበስብ፣ መለዋወጫ በሰዓቱ የሚያደርስ ሰው ከቴክኒሻኑ እኩል ይፈለጋል። በሁለቱ መካከል መምረጥ ካቃታችሁ መጀመሪያ ከቴክኒሻን ጋር መሰላል ያዙ።

በእጃችሁ በሚገባው የመጀመሪያ ብር ጥሩ መልቲሜትር ግዙ፣ ዲሲ አምፔር በክላምፕ (ሽቦውን ሳይቆርጥ ዙሪያውን በሚይዝ መንጋጋ) የሚለካ ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ በአካባቢያችሁ ሥራ ያቆመ ሶላር ፈልጉና ባለቤቱን አስፈቅዱ። ባለ 12 ቮልት የሊድ አሲድ ባትሪ ከሆነ ከፓኔሉም ከጭነቱም ለዩት፣ ጥቂት ሰዓት ይረፍ፣ ለኩት። 12.7 አካባቢ ከሆነ ሞልቷል፤ 12.2 ግማሽ ነው፤ ከ11.8 በታች ባዶ ነው። ሞልቶ ታይቶ አንድ አምፖል ሲበራበት ወዲያው ከወደቀ ሞቷል። ያገኛችሁትን ደብተር ላይ ጻፉና ሥራ ልትጠይቁኝ ስትመጡ ደብተሩን ይዛችሁ ኑ።