ስለ ፔፕታይድ ጠይቁኝ (ከጎንደር)

ፋርማሲስት ነኝ። ሰሞኑን ፒያሳ ላይ «ለጨጓራ የሚወጋው ፔፕታይድ አላችሁ?» የሚል ሰው በዝቷል። የደረሱኝን ጥያቄዎች እነሆ።

ጥያቄ፦ ፔፕታይድ ቫይታሚን ነው እንዴ?

አይደለም። ጥቂት አሚኖ አሲዶች ተያይዘው የሚሠሩት ነገር ነው። የስኳር ሕመምተኛ የሚወጋው ኢንሱሊን ራሱ ፔፕታይድ ነው፤ ለሰው መሰጠት የጀመረው በ1922 እ.ኤ.አ. ነው። አዲሱ ነገር ገበያው ነው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ያለችው እህቴ ቢፒሲ-157 ላከችልኝ። ጨጓራዬ አላስቀምጥ ብሎኛል፣ ልወጋው? (ከአዘዞ)

እህቴ፣ አይወጉት። ቢፒሲ-157 ባለ 15 አሚኖ አሲድ ፔፕታይድ ነው። አይጥ ላይ ቁስል ሲያሽር ታይቷል፤ ሰው ላይ የተሠራው ጥናት ግን እጅግ ጥቂት ነው። የዓለም ፀረ-ዶፒንግ ኤጀንሲም (ዋዳ) ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለስፖርተኞች ከልክሎታል። እስኪ ብልቃጡን አገላብጠው ይዩት፦ ከታች የተጣበቀ ነጭ ዱቄት፣ የጎማ ክዳን፣ አብዛኛውን ጊዜም «ለምርምር ብቻ» የሚል ጽሑፍ። ለሰው መድኃኒትነት አልተመዘገበም ማለት ነው። ውስጡ ስያሜው የሚለው ነገር ይኑር አይኑር፣ ንጹሕ ይሁን አይሁን በምን ያውቃሉ?

ይልቅ ለኤች ፓይሎሪ (ጨጓራ ለሚያቆስለው ባክቴሪያ) ተመርምረዋል? ከተገኘ በአንቲባዮቲክና በኦሜፕራዞል ይታከማል። ለወገብዎ ዳይክሎፌናክ የሚውጡ ከሆነም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ እሱም ጨጓራ ያቆስላል።

ጥያቄ፦ በካፕሱል የሚመጣውስ?

አብዛኛው ፔፕታይድ ጨጓራ ሲደርስ እንደ በላነው ሽሮ ተፈጭቶ ያልቃል። ሊናክሎታይድ የሚባለው ፔፕታይድ ግን የሚሠራው እዚያው አንጀት ውስጥ ስለሆነ በአፍ ይወሰዳል፤ አሜሪካ በ2012 እ.ኤ.አ. ለሆድ ድርቀት ፈቅዳዋለች። እሱም ቢሆን ሐኪም ሲያዝ ነው።

ጥያቄ፦ ኬፒቪ ለአንጀት ብግነት ይሆናል?

ሦስት አሚኖ አሲድ ብቻ ነው። አይጥ ላይ ብግነት ቀንሷል፤ ለሰው የተፈቀደ መድኃኒት ግን አይደለም። ሰገራዎ ላይ ደም ካዩ መጀመሪያ የሰገራ ምርመራ፤ አሜባ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከመተማ ሰሊጥ አጨዳ ሲመለስ ከስቷል፣ ትኩሳቱም አልለቅ አለ። አቅም እንዲሆነው ታይሞሲን አልፋ-1 ልግዛለት?

ይኼን ጥያቄ ሳነብ ደነገጥኩ። ታይሞሲን አልፋ-1 እንደ ቻይና ባሉ አገሮች ለሄፓታይተስ ቢ የተፈቀደ መድኃኒት ነው፤ ሰውነት ለማጠንከር ተብሎ በዘፈቀደ የሚሰጥ አይደለም። ከመተማና ከሁመራ ቆላ የመጣ ሰው ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ከከሳ፣ በተለይ ግራ ጎኑ ጣፊያው አብጦ ከተነፋ፣ ቀድሞ የሚጠረጠረው ካላዛር ነው። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ነው፤ ካልታከመ ይገድላል። ወባም ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም ይመርመር። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካላዛር ሕክምና ይሰጣል። ነገ ሳይሉ ዛሬውኑ ይውሰዱት።