ክረምት ሳይገባ፦ ስለ አሸዋ ከረጢት ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ግቢያችን ከመንገዱ ዝቅ ይላል፤ ሐምሌ ላይ ጎርፍ በበሩ ይገባል። ባዶ ማዳበሪያዎች አሉን። በአሸዋ ጢም አድርገን እንሙላቸው?

መልስ፦ በፍጹም! ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጢም ብሎ የተሞላ ማዳበሪያ ድቡልቡል ስለሚሆን በሁለቱ መካከል ውኃ መንገድ ያገኛል። ግማሹ ብቻ የተሞላው ግን ሲረገጥ ተዘርግቶ ከጎኑ ካለው ጋር ይገጥማል። የ50 ኪሎ ማዳበሪያ ከሆነ ሲሶው ይበቃል፤ ያም ቢሆን ከ30 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ለሁለት አንሡት።

አፉን አትሰሩት። አጥፋችሁ ከሥሩ አድርጉት፤ እጥፋቱ ውኃው ወደሚመጣበት ይዙር። ሁለተኛው ድርድር እንደ ብሎኬት የታችኛውን መገጣጠሚያ ይሸፍን። እያንዳንዱን በእግር ጠቅጥቁ።

ጥያቄ፦ ስንት ያስፈልጋል?

መልስ፦ ትንሹን ከረጢት (35 በ65 ሳንቲ ሜትር ገደማ) ከተጠቀማችሁ፣ ለ30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ በአንድ ሜትር ርዝመት ከ20 እስከ 25። ለ60 ሳንቲ ሜትር ግን ወደ 70 ይደርሳል፤ ምክንያቱም የግርጌው ስፋት የከፍታውን ሦስት እጥፍ መሆን አለበት። ቀጥ ብሎ የተደረደረ ግድግዳ ውኃው ገፍቶ ይጥለዋል።

ጥያቄ፦ ደርድረን ሳለ ውኃ ያሾልካል።

መልስ፦ ያሾልካል፣ ልማዱ ነው። በውኃው በኩል ወፍራም ላስቲክ አልብሱት፤ ሳትወጥሩ፣ ላላ አድርጋችሁ። የተወጠረ ላስቲክ ውኃው ሲገፋው ይቀደዳል። የሾለከውን ከኋላ በባልዲ ቅዱ።

ጥያቄ፦ አሸዋ ውድ ነው፤ አፈር አይሆንም?

መልስ፦ አሸዋማ አፈር ይሆናል። መረሬ ሲረጥብ ይንሸራተታል፣ ጠጠር ደግሞ ውኃ ያሳልፋል።

ጥያቄ፦ ማሳችንን ቦረቦር እየበላው ነው። በማዳበሪያ ክትር ይሠራል?

መልስ፦ ለትንሽ ቦረቦር በደንብ ይሠራል፤ ድንጋይ በሌለበት አገር ደግሞ ጥሩ አማራጭ ነው። ከፍታው ከአንድ ሜትር አይለፍ። ግራና ቀኝ ጫፉን ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ዳርቻው ቆፍራችሁ አስገቡት፤ አለዚያ ውኃው በጎን ዞሮ ቦረቦሩን ያሰፋዋል። መሐሉን ከጫፎቹ ዝቅ አድርጉና ማስተንፈሻ (ትርፉ ውኃ የሚያልፍበት) ይሁን። ውኃው የሚወድቅበት ቦታ ላይ ድንጋይ ወይም ጭራሮ አንጥፉ፤ ይህ ካልተደረገ ሥሩ ተቦርቡሮ ክትሩ ይወድቃል። በሁለት ክትሮች መካከል ያለው ርቀት የሚለካው እንዲህ ነው፦ የታችኛው አናት ከላይኛው እግር ጋር እኩል ከፍታ ላይ ይሁን።

ከሁሉ በላይ ግን በዚያው ክረምት ደሾ፣ ዝሆኔ ሳር ወይም ሰስባኒያ ትከሉበት። ማዳበሪያው ፀሐይ ሲመታው በወራት ውስጥ ይፈረፈራል፤ ከዚያ በኋላ ደለሉን የሚይዘው የተክሎቹ ሥር ነው።

ጥያቄ፦ በጎርፍ ጊዜ በመታጠቢያ ቤቱ ወለል ቀዳዳ ቆሻሻ ውኃ ይመለሳል።

መልስ፦ አንድ ከረጢት በፌስታል ጠቅልላችሁ ቀዳዳው ላይ ጫኑ።

ጥያቄ፦ ጎርፉ ካለፈ በኋላ አሸዋውን ለልስን እንጠቀምበት?

መልስ፦ አይሆንም፤ የሽንት ቤት ፍሳሽ ነክቶት ሊሆን ይችላል። ልጆችም አይጫወቱበት። ስታነሡት ጓንት አድርጉ።