«የኛን ደም ወባ አይደፍረውም»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ኮምቦልቻ አግብቼ ነው የምኖረው። የባለቤቴ ቤተሰቦች ከባቲ ናቸው። አማቴ «የኛን ደም ወባ አይደፍረውም፤ ልጁም የኛ ነው» እያሉ የሦስት ዓመት ልጄን ያለ አጎበር ያስተኙታል። እውነት ይህ ነገር በዘር ይወረሳል?
የልጅ እናት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እህቴ፣ አማትሽ ከመሬት ተነስተው አላወሩም። ዕድሜዬን ላቦራቶሪ ውስጥ ደም ሳይ ነው የጨረስኩት፤ የሚወረስ መከላከያ አለ። ቫይቫክስ የሚባለው ወባ ቀይ የደም ሴል ውስጥ የሚገባው ደፊ በተባለ በር ነው። በሩ የሌላቸው ሰዎች እንደማይያዙ ተመራማሪዎቹ እነ ሉዊስ ሚለር በ1976 እ.ኤ.አ. አሳዩ። በኋላ ግን እኛው አገር ሳይቀር እንዲህ ባሉ ሰዎች ደም ውስጥም ቫይቫክስ ተገኘ። ገዳዩ የወባ ዓይነት፣ ፋልሲፓረም ደግሞ ይህን በር ከነጭራሹ አይፈልገውም።

ለመሆኑ ልጁ በሩ እንዳይኖረው ከአባቱም ከአንቺም መውረስ አለበት። ግማሹ የአንቺ ነው! አማትሽ ይህቺን ረስተዋታል።

እኔ ግን የሳቸው ነገር የዘር አይመስለኝም። ባቲ ቆላ ነው። እዚያ በልጅነቱ ወባ ደጋግሞ የጣለው ሰው፣ ሲያድግ ተውሳኩ ደሙ ውስጥ እያለም ብዙ ላይታመም ይችላል። ሰውነቱ ለምዶታል። ይህ ለልጅ ልጅ አይተላለፍም። ደጋ ያደግሽው አንቺም ይህ መከላከያ የለሽም፤ ስለዚህ አጎበሩ ለአንቺም ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እሱ ነው የሚያሳስበኝ። ጂ ሲክስ ፒዲ የተባለ ኢንዛይም በዘር የሚጎድላቸው አሉ። ጉድለቱ ከወባ ትንሽ ሳይከላከል አይቀርም። ነገር ግን ጉበት ውስጥ የተደበቀውን ቫይቫክስ ለማጥፋት የሚሰጠው ፕሪማኪን የእነዚህን ሰዎች ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ወንድ ልጅ ይህን የሚወርሰው ከእናቱ ነው። ስለዚህ ከአማትሽ ወገን ይልቅ የራስሽን ቤተሰብ ጠይቂ፤ መድኃኒት ወስዶ ሽንቱ የጠቆረ ወይም ዓይኑ ቢጫ የሆነ ካለ ፕሪማኪን ከመታዘዙ በፊት ለሐኪሙ ንገሪ። ልጁ ላይ እንዲህ ያለ ምልክት ካየሽ መድኃኒቱን አቁመሽ ያኔውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።

አማትሽን አትጣያቸው። «እማማ፣ ግማሹ የኔ ደም ነው፤ የኔ ደግሞ ወባ አይችልም» በያቸውና አጎበሩን ዘርጊ። በተለይ ክረምቱ ወጥቶ እስከ ታኅሣሥ ድረስ እንዳትዘናጊ። ትኩሳት ከያዘው ደግሞ ሳታሳድሪ አስመርምሪው።