ኩሽኔታውን በእጃችሁ ንኩት

ልጆቼ፣ ባለፈው ቅዳሜ ባልቲሞር ሄጄ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ አንዲት አሮጊት ጠይቄ መጣሁ። ስሟ ጆን ደብልዩ ብራውን ይባላል። ስሙ የወንድ ነው፤ እኛ የመርከብ ሰዎች ግን መርከብን «እሷ» ነው የምንላት። ሠላሳ ዓመት ሞተር ክፍል ውስጥ የኖረ ሰው ምከረን ስትሉት ምክሩ ዘይት ዘይት ይሸታል፤ ቻሉኝ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች አትላንቲክ ላይ የጭነት መርከቦችን እየለቀሙ ያሰምጡ ነበር። አሜሪካኖች ከሚሰምጠው በላይ ለመሥራት ቆርጠው ተነሱ። ሊበርቲ የሚባለውን ዓይነት ብቻ፣ በፈረንጆቹ ከ1941 እስከ 1945፣ ከ2,700 በላይ ሠሩ። ብራውን ጁላይ 28 ቀን 1942 ተጀምራ ሴፕቴምበር 7 ውሃ ላይ ወረደች። 41 ቀን! ካሊፎርኒያ ውስጥ አንዷን ከ5 ቀን ባነሰ ጊዜ ገጣጥመዋታል፤ እሱ እንኳ ለጋዜጣ ወሬ ነው።

ሞተሯ ያኔውኑ ያረጀ ዓይነት ነበር። በእንፋሎት የሚሠራ፣ ባለሦስት ሲሊንደር፣ 2,500 የፈረስ ጉልበት። ፍጥነቷ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ብስክሌት ይቀድማታል። ግን ብዙ ፋብሪካ ሊሠራው የሚችል ሞተር ነው። ተርባይን የሚባለው ዘመናዊ ሞተር ለጦር መርከቦች ይፈለግ ነበር።

ከዚያ መርከቦቹ መሰንጠቅ ጀመሩ። ተኩስ የለ፣ ቶርፔዶ የለ፤ ብርድና ማዕበል ብቻ። በ1943 ጆን ፒ ጌይንስ የምትባለው ለሁለት ተሰብራ 10 ሰው ሞተ። ጣት ወዲያው በያጆቹ ላይ ተቀሰረ። ብዙዎቹ ከዚያ በፊት መርከብ ያልሠሩ፣ ሴቶችም ያሉባቸው አዲስ ሠራተኞች ነበሩና መውቀሱ ቀላል ነው። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዋ የብረት ተመራማሪ ኮንስታንስ ቲፐር ግን ብረቱን ራሱን መረመረችው። ብርድ ሲነካው እንደ ብርጭቆ የሚሰበር ሆኖ ተገኘ። ስንጥቁን ወደ ኋላ ተከትለው ሲሄዱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያገኙት የጭነት በሩን አራት ማዕዘን ጥግ ነው። በድሮው በምስማር የተያያዘ መርከብ ላይ ስንጥቁ አንዱ ላሜራ ሲያልቅ ይቆማል። የተበየደው ግን አንድ ወጥ ነው፤ የሚያቆመው የለም። ጥጉን ክብ አደረጉት፣ በምስማር የተያዘ ማጠናከሪያ ብረት ጨመሩ። ነገሩ በረደ።

እኔም አንድ ጊዜ መርከብ አቁሜያለሁ። የ24 ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ የሌሊት ተረኛ። በየሰዓቱ የኩሽኔታዎቹን፣ የሚዞረውን ዘንግ የሚሸከሙትን ማለቴ ነው፣ ሙቀት አይቶ መዝገብ ላይ መጻፍ ነው ሥራው። ደከመኝና ያለፈውን ሰዓት ቁጥር ገለበጥኩት። ደግሜም ገለበጥኩት። ኩሽኔታው ተቃጠለና ቀይ ባሕር ላይ እስኪነጋ ተንሳፈን አደርን። ዋናው መሐንዲስ፣ ሽማግሌ ሰው ነው፣ አልጮኸብኝም። ጠዋት እጄን ይዞ ብረቱ ላይ አስቀመጠው። ያኔ ቀዝቅዞ ነበር። «አሁን ነካኸው» ብሎኝ ወደ ሻዩ ሄደ።

የምላችሁ ይህን ነው፤ የምትጠብቁትን ነገር በእጃችሁ ንኩት። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ቁጥር ጥሩ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ቁጥሩን የጻፈው እንደ እኔ ያለ እንቅልፋም ሊሆን ይችላል።

ብራውን ወደ ፋርስ ባሕረ ሰላጤ ዕቃ ጭናለች፣ ወታደር አመላልሳለች፣ በ1944 ደቡብ ፈረንሳይ ወረራ ላይ ነበረች። ይህን ሁሉም ያወራላታል። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እህቶቿ ተሸጡ፣ ቆሻሻ ብረት ሆኑ፣ አንዳንዶቹንም ለዓሣ መኖሪያ ብለው ሆን ብለው አሰመጧቸው። እሷን ግን ከ1946 እስከ 1982 ኒውዮርክ ወደብ ላይ አስረው የሙያ ትምህርት ቤት አደረጓት። ሠላሳ ስድስት ዓመት የአሥራ ስድስትና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች ሞተሯን ፈቱ፣ ገጠሙ፣ ቀቡ። እጅ አልተለያትም። በ1988 ባልቲሞር ገባች፤ በ1991 በራሷ እንፋሎት ተንቀሳቀሰች።

ቅዳሜ ዕለት አንድ በጎ ፈቃደኛ ሽማግሌ ሞተሯን አሳየኝ። ቁመቱ 6 ሜትር ገደማ ነው። በሙሉ ፍጥነት ኮሎው፣ ማለትም ዋናው የሞተር ዘንግ፣ በደቂቃ 76 ጊዜ ይዞራል። ዘይት አጠጪው ሞተሩ እየዞረ እጁን አስገብቶ ኩሽኔታውን በመዳፉ ይነካና ብረቱ ሳይመለስበት ያወጣል። ሞተሩ ቆሟል፤ ሽማግሌው ግን ምቱን በአፉ እየቆጠረ እጁን ሰደደ፣ መለሰ፣ ሰደደ፣ መለሰ። ሳላስበው የእኔም እጅ አብሮት ይሄድ ጀመር።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ከተነሳችሁ፣ መንገዱ ካልተዘጋ፣ አንድ ሰዓት አይሞላም። ወደ ሞተር ክፍል የሚያወርደው መሰላል ቀጥ ያለ ነው፤ ፊታችሁን ወደ ደረጃው አድርጋችሁ ውረዱ። ነጭ ጫማ አታድርጉ።