በርካሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ከኮምቦልቻ ደሴ መውጣት ይቻላል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። በየቀኑ በሚኒባስ መመላለስ ሰልችቶኛል። አንድ ነጋዴ ባለ 72 ቮልት፣ 20 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ያላት፣ 2,000 ዋት የሚል የተጻፈባት አዲስ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ከሌሎቹ በግማሽ ዋጋ አሳየኝ። «አንዴ ከሞላች 80 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች» አለኝ። ደርሶ መልሱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ይተርፈኛል ብዬ አስቤያለሁ። አንዳንድ ቀን የሥራ ባልደረባዬን ከኋላ አስቀምጣለሁ። ባትሪው ካልተስማማኝ በኋላ ወደ ሊቲየም እቀይረዋለሁ። ልግዛት ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለዚህ መንገድ አትግዛት። ኑሮህም ሥራህም ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ቢሆን ኖሮ ሌላ መልስ እሰጥህ ነበር።

ነጋዴው ሙሉ በሙሉ ዋሽቶሃል አልልም። 80 ኪሎ ሜትር የምትሄድበት ሁኔታ አለ፤ ባትሪው አዲስ ሆኖ፣ አንድ ቀጭን ሰው ብቻውን ተቀምጦ፣ በለጥ ባለ ሜዳ ላይ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር እያዘገመ ከነዳት ነው። ደሴና ኮምቦልቻ መካከል እንዲህ ያለ መንገድ የት አለ? ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ናቸው። ጠዋት ቁልቁል የተንሸራተትክበትን 650 ሜትር ማታ ባትሪው ተሸክሞህ ሊወጣ ነው።

እስቲ አብረን እናስላው። 72 ቮልት በ20 አምፒር-ሰዓት ሲባዛ 1,440 ዋት-ሰዓት ይሆናል፤ ባትሪው የሚይዘው ጉልበት ማለት ነው። በግማሽ ዋጋ የምትሸጥ ከሆነ ባትሪዋ ነጋዴዎች «ደረቅ ባትሪ» የሚሉት፣ ውስጡ ግን እርሳስና አሲድ የሆነው ነው። ይህ ባትሪ የተጻፈበትን ያህል የሚሰጠው ቀስ ተብሎ ሲቀዳ ብቻ ነው። ዳገት ላይ ሞተሩ 30 አምፒር ሲስበው ይንበረከካል፤ ከ1,440ው 1,000 ካገኘህ ደህና ነው። ሞተር ሳይክሏ 100 ኪሎ፣ አንተ 70 ኪሎ ናችሁ እንበል። ይህን ክብደት 650 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት፣ በሙቀት የሚባክነው ሲታከልበት፣ 400 ዋት-ሰዓት ገደማ ይሄዳል። 25 ኪሎ ሜትሩን ለመጓዝ፣ ለጎማውና ለነፋሱ፣ ሌላ 550 ጨምር። ብቻህን ስትሆን 950 ሆነ ማለት ነው፤ ለጥቂት ትደርስ ይሆናል። ባልደረባህ ከኋላ ሲቀመጥ ግን ወደ 1,200 ይጠጋል። ያኔ መንገዱ ላይ ባለው የሐረጎ ዳገት ሁለታችሁም ወርዳችሁ ትገፏታላችሁ። ጠዋት ስትወርድ የበላችውን፣ ማታ መብራቱ የሚበላውን ገና አልቆጠርኩም። ይህ ሁሉ ደግሞ የአዲስ ባትሪ ሒሳብ ነው።

የሞተሩም ጉዳይ አለ። በርካሾቹ ላይ ሞተሩ ጎማው ውስጥ ነው፤ ማርሽ የለውም። አቀበት ላይ ፍጥነቱ ሲወርድ የነዳጁ ሞተር ማርሽ ቀንሶ ያገግማል፣ ይኼኛው ግን ከሚስበው ኃይል ብዙውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። 2,000 ዋት የሚለው ጽሑፍም ብዙ ጊዜ ለጥቂት ሰከንድ የሚያወጣው ጉልበት እንጂ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ዳገት ሲገፋ የሚችለው አይደለም። (ለፍትሕ ያህል አንድ በጎ ነገር ልናገርላት፦ ካርቡራተር ያለው ሞተር ደሴ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳበት ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የኤሌክትሪኩ ግን አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው አይሰማውም።)

እኔን ከመውጣቱ ይልቅ የሚያስፈራኝ መውረዱ ነው። በነዳጅ ሞተር ሳይክል ሐረጎን ስትወርድ ሁለተኛ ማርሽ ታስገባለህ፣ ሞተሩ ራሱ ይይዝሃል። ርካሿ የኤሌክትሪክ ግን ጋዙን ስትለቅላት እንደ ብስክሌት ትንከባለላለች። ሲወርዱ ባትሪ የሚሞሉ፣ በዚያውም የሚይዙ አሉ፤ ነገር ግን አንተ ከቤትህ የምትነሣው ሌሊቱን በሞላ ባትሪ ነው፣ የሞላ ባትሪ ደግሞ አይቀበልም። ስለዚህ የቁልቁለቱ ሸክም በሙሉ ፍሬኑ ላይ ያርፋል። ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ «የኋላ ፍሬኔ አልይዝ አለ» ብሎ አመጣልኝ። ጎማውን ፈትቼ ታምቡሮውን (የፍሬኑን ከበሮ) ስከፍት ውስጡ ሰማያዊ ሆኗል፤ የፍሬኑ ሸራ እንደ ጠርሙስ ያብለጨልጫል፣ በጥፍሬ ስጭረው ይንሸራተታል። የተቃጠለ ላስቲክ ሽታው ጋራዡን ሞላው። ሸራው ገና ስድስት ወሩ ነበር። ልጁ ፍሬኑን ይዞ ይዞ፣ ይዞ ይዞ ነው የወረደው። በዚህ መንገድ ላይ ከፊትም ከኋላም የዘይት ዲስክ ፍሬን የሌላትን ሞተር ሳይክል አልመክርም፤ ዲስክም ኖሯት ቁልቁለቱ መሐል ቆም ብሎ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የእርሳስ ባትሪ በየቀኑ እስከ መጨረሻው ከተሟጠጠ 300 ጊዜ ያህል ሞልቶ ይደክማል። አንተ በሳምንት ስድስት ቀን ስለምትሠራ ይህ አንድ ዓመት ነው። 72 ቮልቱ የሚገኘው ከስድስት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው፤ የስድስቱን የዛሬ ዋጋ ጠይቅና ለ300 አካፍለው፤ የሚወጣው የባትሪው የቀን ክፍያ ነው። የመብራቱን ሒሳብ ብትተወው ምንም አይደለም፤ አንድ ሙሌት ከቆጣሪህ ላይ ሁለት ኪሎ ዋት-ሰዓት እንኳን አይሞላም። የባትሪውን የቀን ክፍያ ግን ከሚኒባስህ ደርሶ መልስ ጋር አስተያየው። ሰዎች ሞተሩን በርካሽ ገዝተው በዓመቱ ባትሪውን ሲጠይቁ ነው ደንግጠው እኔ ዘንድ የሚመጡት።

አብዛኞቹም ሲመጡ «ኮንትሮለሩ (ከባትሪ ወደ ሞተር የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ሣጥን) ተቃጥሏል ተብያለሁ» ይሉኛል። አንዷን ልንገርህ። ማሳያው ላይ ባትሪው ሙሉ ነው፣ ዳገት ሲጀመር ግን ወደ አንድ መስመር ይወርድና ትጠፋለች። ስድስቱን ባትሪዎች አንድ በአንድ በቴስተር ለካሁ፤ ሁሉም 12.8 ቮልት ናቸው። ከዚያ ባለቤቱን አስቀምጬ፣ ቴስተሩን አራተኛው ባትሪ ላይ አስሬ፣ ከጋራዡ ፊት ያለችውን አቀበት አስነዳሁት። ጋዙን ሲስብ 12.8 የነበረው 8.9 ሆነ። አንዷ ባትሪ ታማ አምስቱን ይዛቸው ትወድቅ ነበር። ቆሞ የተለካ ባትሪ ምንም አይነግርህም፣ ሸክም ላይ ነው የሚታወቀው።

ወደ ሊቲየም መቀየሩን በተመለከተ፦ ይቻላል፣ ግን ባትሪውን አውጥቶ ሌላ ማስገባት ብቻ አይደለም። ቻርጀሩ አብሮ ይቀየራል። የስድስቱ እርሳስ ባትሪዎች ቻርጀር እስከ 88 ቮልት ይወጣል፤ 72 ቮልት ተብለው ከሚሸጡት ሊቲየሞች አንዳንዱ ከ84 ማለፍ የለበትም። ባትሪውን የሚጠብቀው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ሙሌቱን ቢያቋርጥልህ ተረፍክ፣ ባያቋርጥ እሳት ሊነሣ ይችላል። ሁለተኛ፣ ያ ሰሌዳ የሚችለው አምፒር ኮንትሮለሩ ከሚስበው ማነስ የለበትም፤ ካነሰ ዳገት ላይ ድንገት ያጠፋታል። ይህን ሁሉ አሟልተህ ስትጨርስ የከፈልከው መጀመሪያውኑ ሊቲየም ያላትን ከምትገዛበት ዋጋ ጋር ይቀራረባል። ፍሬኑ ግን ያው የቀድሞው ነው።

ለዚህ መንገድ የግድ ኤሌክትሪክ ካልክ የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ፣ ቢያንስ 72 ቮልት በ40 አምፒር-ሰዓት፣ በሁለቱም ጎማ የዘይት ዲስክ፣ እና የሥራ ቦታህ ላይ ቻርጅ የምታደርግበት ሶኬት ይኑርህ። አለቃህን አሁኑኑ ጠይቅ። ይህ ባትሪ በጥንቃቄ ከተያዘ ከ2,000 ጊዜ በላይ ይሞላል።

ርካሿን ለከተማ ውስጥ ለሚፈልግ አንባቢ ጥቂት ልጨምር። ስትገዙ ትንሽ ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ፤ ባለ 12 ቮልት 20 አምፒር-ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ስድስት ተኩል፣ ሰባት ኪሎ ይመዝናል። አምስት ኪሎ ካልሞላ ውስጡ የተጻፈውን ያህል እርሳስ የለም። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ሳታዩ ብር አትክፈሉ፤ ሰሌዳና ሊብሬ ያለ እርሱ አይወጣም። ባትሪውን ባዶውን አታሳድሩት። ላቫጆ ስትወስዷት የግፊቱ ውኃ የኋላ ጎማው መሐል፣ ሽቦው የሚገባበት ቦታ ላይ አያርፍ፤ ውኃ ከገባ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ሴንሰሮች ይበላሻሉ፣ ሞተሩም እየተንቀጠቀጠ መነሣት ያቅተዋል።

አንተ ደግሞ ወንድሜ፣ ልብህ አሁንም እዚያች ሞተር ሳይክል ላይ ከሆነ ነጋዴውን ለአንድ ከሰዓት በኋላ እንዲያውስህ ጠይቀው። ሙሉ ባትሪ ይዘህ፣ ባልደረባህን ከኋላ አስቀምጠህ፣ ከኮምቦልቻ ሽቅብ ጀምር። የማሳያውን ቮልት እያየህ ውጣ፤ ጋዝ በሰጠህ ቁጥር ከ63 በታች ከወረደ ባትሪው አልቋል፣ ተመለስ። አላውስህም ካለህ የሚያውቀው ነገር አለ።