ግቢ ውስጥ ደረቅ፣ ባሕር ዳርቻ ኩሬ

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምንኖረው ሂዩስተን ነው። በሰኔ ወር አንዲት አሮጌ ባለ 13 ጫማ የፋይበር ግላስ ካምፐር፣ በመኪና የምትጎተት ማደሪያ፣ ገዛሁ። የቀድሞው ባለቤት የመኖሪያ ቤት የመስኮት ኤሲ (አየር ማቀዝቀዣ) ገጥሞባታል፤ የማቀዝቀዝ አቅሙ 5,000 ቢቲዩ ነው። ከኋላ ቁም ሳጥኑ ሥር ተቀብሯል። ፊቱ ወደ እኛ፣ ጀርባው ወደ ኋላ ግድግዳ። ግቢያችን ውስጥ ሁለት ቀን ሙሉ ሳስሠራው ጠብታ አልነበረም። ጋልቬስተን ባሕር ዳርቻ ሄደን ስናድር ግን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ባለቤቴ እግሯን ስታወርድ ወለሉ ኩሬ ሆኗል። የፍራሹም ጫፍ ርሷል። አጠገባችን የሰፈረ ሰው ‹ኤሲውን ከሥሩ በድሪል ብሳው፣ ይገላገልሃል› አለኝ። ልብሳው?»

አትብሳው። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን፤ ድሪሉን ግን መጀመሪያ ወደ ሳጥኑ መልሰው።

ይህን ምክር እኔም አንድ ጊዜ ሰምቼ ተግብሬዋለሁ። አሜሪካ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ኤሲው የራሴ፣ መስኮቱም የራሴ። መሰርሰሪያው ላሜራውን አለፈና የመዳቡን ቱቦ ነካው። ፉሽሽ አለ፤ የሚያቀዘቅዘው ጋዝ አለቀ። እንዲህ ያለ ትንሽ ኤሲ ጋዙ ከወጣ በኋላ በባለሙያ አስጠግኖ ማስሞላት ከአዲሱ ዋጋ ይበልጣል። አሁን አሁን የሚወጡት ብዙዎቹ ደግሞ አር-32 የሚባል ጋዝ ነው ያለባቸው፤ እሱ እሳት ሊይዝ ይችላል። የድሪልህ ሞተር ብልጭታ እዚያው አጠገብ ነው።

ደግሞም ከኤሲው ሥር ባለው ገንዳ ውስጥ ያለው ውሃ እዚያ እንዲቀመጥ ታስቦ የተሠራ ነው። የመስኮት ኤሲ የኋላው ማራገቢያ ጫፉ ላይ ቀለበት አለው። ቀለበቱ ገንዳው ውስጥ ያለውን ውሃ እየነካ በጋለው የኋላ ኮይል (ጋዙ የሚዞርበት የተጠማዘዘ ቱቦ) ላይ ይረጨዋል። ውሃው እዚያ ይተናል፤ ኮይሉም ይቀዘቅዛል። ሲሠራ ቸፍ ቸፍ የሚል ድምፅ ከሰማህ እሱ ነው፤ ጤነኛ ድምፅ ነው። ገንዳውን በስተህ ብታደርቀው ኤሲው ትንሽ ጉልበት ያጣል። አንዳንዱ ኤሲ ከኋላው በጎማ የተደፈነ ቀዳዳ ይዞ ነው የሚመጣው። ያንተ ካለው ጎማውን መንቀል ትችላለህ፤ ግን የሚወርደውን ውሃ የሚቀበል ነገር ሳታዘጋጅ አይደለም። እዚያ ላይ እመለስበታለሁ።

ከጻፍክልኝ ሁሉ ዋናው ፍንጭ «ግቢ ውስጥ ጠብታ የለም» የምትለው ናት። ኤሲው ያው፣ ካምፐሯም ያችው። የተቀየረው መሬቱ ነው።

የመስኮት ኤሲ ሲገጠም ጀርባው ከፊቱ ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት። ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ይበቃል። ከፊት ያለው ቀዝቃዛ ኮይል ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ በሥሩ ባለች ቦይ ወደ ኋላ የሚሄደው በዚያች ዝቅታ ብቻ ነው። ፓምፕ የለውም። ቤት ላይ ገጥመህ ከጨረስክ ቤቱ አይንቀሳቀስም። ካምፐር ግን በቆመችበት ሁሉ አዲስ ቤት ናት።

እስቲ እናስላው። ከመንጠቆው እስከ ጎማው 2.5 ሜትር ገደማ ነው እንበል። ባሕር ዳርቻ ስታቆማት አፍንጫዋ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ወደ ታች ቢወርድ፣ 35 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ኤሲህ ላይ 7 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ያዘነብላል። ያቺ ስድስት ሚሊ ሜትር አለቀች ማለት ነው፤ ውሃው ፊቱን ወደ እናንተ አዞረ። 5 ሴንቲ ሜትር በዓይን አይታይም፤ አሸዋ ላይ ደግሞ ክሪኩ ራሱ ሌሊቱን ይሰምጣል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ አጭር ውሃ ልክ ግዛ። ኤሲው ራሱ ላይ አስቀምጠው፤ የካምፐሯ ወለል ላይ ብቻ ለክተህ እንዳታምነው። የቀድሞው ባለቤት እንዴት እንደገጠመው አናውቅማ። ከፊት ያለውን ክሪክ እያዞርክ አፍንጫዋን ከፍ አድርጋት፤ የውሃ ልኩ አረፋ ከመሐል ወደ እናንተ በኩል ትንሽ ፈቀቅ ሲል አቁም። ክሪኩ ሥር አንድ ጠፍጣፋ ሳንቃ አድርግ። ከልክ በላይም አታንሳት። ብዙ ካጋደለ ውሃው ከኋላ ጠርዝ ይፈስሳል፤ የኋላው ሳጥን ውስጥ ማለት ነው።

አሁን «ይህ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?» ትለኝ ይሆናል። ከአየሩ ነው። ቀዝቃዛ ቢራ በረንዳ ላይ ስታስቀምጥ ጠርሙሱ እንደሚያልበው ማለት ነው። ድሮ ድሬዳዋ ስሠራ ሙቀቱ ደረቅ ስለሆነ ከኤሲ ሥር ያስቀመጥነው ባልዲ ሳይሞላ ይውል ነበር። የቴክሳስ ባሕር ዳርቻ ሌላ ዓለም ነው። አየሩ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ እርጥበቱ 70 በመቶ ሲሆን ከ26 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ማንኛውም ነገር ላይ ጤዛ ይይዛል። በዚያ አየር አንድ ሜትር ኩብ ውስጥ 24 ግራም ገደማ ውሃ አለ። ክፍሉን 24 ዲግሪና 50 በመቶ ላይ ብታደርሰው የሚቀረው 11 ግራም ያህል ነው። ካምፐሯ ውስጧ 12 ሜትር ኩብ ቢሆንና አየሯ በየስንጥቁ በሰዓት አንዴ ቢቀየር፣ ኤሲው በሰዓት 150 ግራም ውሃ ይለቅማል። የተኛ ሰው በትንፋሹና በላቡ በሰዓት 40 ግራም ገደማ ይጨምራል፤ እናንተ ሁለት ናችሁ። እስከ ንጋት ወደ ሁለት ሊትር ይጠጋል። ይህ ሁሉ ኤሲው ሥራውን በትክክል ሲሠራ የሚመጣ ነው።

ውሃውን ራሳችሁ እንዳታበዙት ግን ተጠንቀቁ። ቡናውን ውጭ አፍሉ። አንድ ኪሎ ፕሮፔን (የማብሰያ ጋዝ) ሲነድ ከ1.6 ኪሎ በላይ ውሃ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል፤ ከጀበናው የሚወጣውን ሳንቆጥር። ከሰል ካምፐር ውስጥ ማስገባት ደግሞ በፍጹም! እሱ የእርጥበት ጉዳይ አይደለም፤ የሚወጣው ጋዝ ሳይታይ ይገድላል። የኤሲውን ሙቀት 75 ፋራናይት አካባቢ አድርጉት። 60 ላይ ብታወርዱት ፊቱም በዙሪያው ያለው ጣውላም ቀዝቅዞ ያልባል። ማራገቢያው፣ ጋዙን የሚገፋው ሞተር (ኮምፕረሰሩ) ሲያርፍ አብሮ እንዲያርፍ አድርጉ። ዝም ብሎ ከነፈሰ ኮይሉ ላይ የቀረውን ውሃ መልሶ ክፍሉ ውስጥ ያተነዋል።

መሬቱን አስተካክለህም ከፈሰሰ፣ ቀጥሎ የሚጠረጠረው ያቺ ከፊት ወደ ኋላ የምትሄደው ቦይ ናት። አቧራ፣ ፀጉርና ሻጋታ ተደባልቀው እንደ አጃ ገንፎ ይደፍኗታል። ኤሲውን ከሶኬት ንቀል። ማጥፋት ብቻ አይበቃም። የፊት ሽፋኑን አውጣ፣ ማጣሪያውን እጠብ፤ ከዚያ ከኮይሉ ሥር ባለችው ጎድጓዳ ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ በቀስታ አፍስስ። ወደ ኋላ ከሄደ ደህና ናት። እዚያው ከቆመ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ አስገብተህ ጎርጉር፣ በለብታ ውሃና በነጭ ኮምጣጤ እጠባት። በረኪና አትጠቀም። አሉሚኒየሙን ይበላዋል፤ ከኮምጣጤ ጋር ከተገናኘ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። የኤሌክትሪክ ሳጥኑን አትክፈት፤ ውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ካፓሲተር ኤሲው ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ሊመታህ ይችላል።

ኮይሉ ላይ በረዶ ካየህ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የታፈነ ማጣሪያ ነው። ሌሊት በረዶ ይሠራል፣ ሲያርፍ ቀልጦ በአንዴ ይወርዳል። ማጣሪያው ንጹሕ ሆኖም በረዶ ከሠራ ጋዝ ቀንሶ ይሆናል፤ ያን ጊዜ አዲስ ኤሲ ማሰብ ነው።

አሁን ወደ ቀዳዳው ጉዳይ ልመለስ። ካምፐር ውስጥ የተቀበረ የመስኮት ኤሲ፣ ልኩ የተስተካከለ እንኳ ቢሆን፣ ሥሩ የተለየ ትሪ ያስፈልገዋል። ይህ ኤሲ የተሠራው ጀርባው ደጅ ተንጠልጥሎ እንዲንጠባጠብ ነው፤ ያንተ ጀርባው ሳጥን ውስጥ ነው። ከአሉሚኒየም ላሜራ ጠርዙ 3 ሴንቲ ሜትር የቆመ ትሪ አሠራ። ከኤሲው በሁሉም በኩል ሰፋ ይበል፤ ከኋላ በደንብ ይስፋ፣ ቀለበቱ የሚረጨው ወደዚያ ነው። በአንዱ የኋላ ጥግ የግማሽ ኢንች ቱቦ ማያያዣ ግጠም። ትሪው ውስጥ ሁለት የጎማ ቁራጮች አስቀምጥና ኤሲውን እነሱ ላይ አሳርፍ። የፊቱ ቁራጭ ከኋላው በ6 ሚሊ ሜትር ይወፍር። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ፤ ማዘንበያውም ተገኘ፣ ውሃውም ከሥሩ መሄጃ አገኘ።

ቱቦው በወለሉ በኩል ወደ ውጭ ይወርዳል። ያኔ ድሪሉን ታወጣለህ፤ ግን መጀመሪያ ከካምፐሯ ሥር ተኝተህ ተመልከት። የፕሮፔን መስመር፣ የፍሬን ሽቦ፣ የሻሲ ብረት የሚያልፍበት ሊሆን ይችላል። ቱቦው በአንድ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል እየወረደ ይሂድ። መሐል ላይ ሆድ ከሠራ ውሃው እዚያ ቆሞ ሻጋታ ያበቅላል። ቀዳዳውን ከላይም ከታችም በፖሊዩሪቴን ማሸጊያ ድፈነው። ሲሊኮን አልመክርህም፤ አንዴ ከተቀባ በኋላ ሌላ ማሸጊያ አይዝበትም። የቱቦው ጫፍ ላይ የወንፊት ሽቦ አድርግ። ቴክሳስ ውስጥ በጭቃ ጎጆ የሚሠራ ተርብ አለ፤ ክፍት ቱቦ ሲያይ ደስታውን አይችለውም።

ኤሲውን ስትመልስ በዙሪያው ያለውን ክፍተት በስፖንጅ ድፈን። በጎኑ ያሉትን የአየር ማስገቢያ መስኮቶች ግን እንዳትሸፍናቸው። እነሱ ከስፖንጁ በስተኋላ፣ በውጭው አየር በኩል ይቅሩ። ክፍተቱ ካልተደፈነ ከኋላ የሚመጣው ሙቅና እርጥብ አየር ቀዝቃዛውን የፊት ላሜራ ያገኘዋል፣ እዚያም ያልባል። ይህ ጠብታ ከገንዳ የመጣ ይመስላል፤ ብዙ ሰው ያሳስታል። ገመዱም ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት አንዴ ወደ ታች ይንጠልጠል፤ ውሃ በገመዱ ቢወርድ እዚያ ጋ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

ጣሪያ ላይ ኤሲ ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ ነገሩ ይለያል። የእናንተ ውሃ ጣሪያው ላይ ፈስሶ እንዲወርድ ነው የተሠራው። ወደ ውስጥ ከገባ መጀመሪያ በ14 ኢንች ቀዳዳው ዙሪያ ያለውን የስፖንጅ ማሸጊያ ተመልከቱ። ከውስጥ ያሉት አራት ብሎኖች በጊዜ ብዛት ይላላሉ። እኩል እኩል አጥብቋቸው፤ ማሸጊያው ወደ ግማሽ ኢንች ሲወርድ ይበቃል፣ ከዚያ ካለፈ ተጨፍልቆ ሥራ ያቆማል። ዝናብ በሌለበት ቀን፣ ኤሲው ሲሠራ ብቻ የሚያፈስ ከሆነ የውሃ መውጫዎቹ ተደፍነው ይሆናል።

ፍራሹን ደግሞ አቁመህ ፀሐይ ላይ አድርቀው፤ መልሰህ ስትዘረጋው ከሥሩ አየር የሚያሳልፍ ርብራብ ይኑረው። ኤሲውን ካወጣህ አይቀር የተቀመጠበትን ኮምፔንሳቶ በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርገው። 18 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ቀኑን ሙሉ የሚንቀጠቀጥ ዕቃ ነው የሚሸከመው። ካቻቢቴው እንደ ዳቦ ከገባ ትሪውን አትግጠም። ጣውላው መጀመሪያ ይቀየር። ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ።